ደንብ ልብሱ የሚወልቅበት ሐሙስ

ከውሰር ሳዲቅ የፖሊስ ደንብ ልብሷን የምታወልቅበት ሐሙስ ከተቆረጠ ወዲህ፣ ዴም በሚባለው የካርቱም ሠፈር ውስጥ ያንን ቀን የሚጠብቁ ሁለት ወገኖች ነበሩ። አንደኛው የሠፈሩ ጣቢያ ነው። ዕድሜዋ ስለሞላ ማዓሽ ትወጣለች፤ ጡረታን እዚያ ማዓሽ ይሉታል። ሁለተኛው የሐበሻ ሴቶች ዕድር ነው። ሐሙስ ልብሱን ታወልቃለች፣ በማግስቱ ዓርብ ዕድሩ ሲቀመጥ በሟች እናቷ ቦታ ትቀመጣለች። ካርቱም ውስጥ ሥራ የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ ሐበሾቹ የእሑዱን ነገር ሁሉ ዓርብ ያደርጉታል።

ከሁለቱም አብልጣ ቀኑን የምትጠብቀው ግን ራሷ ከውሰር ነበረች።

እናቷ ማዘንጊያ በወጣትነቷ ከመተማ ማዶ ተሻግራ መጥታ፣ ሳዲቅ የሚባል የባቡር ሠራተኛ አግብታ ዴም የቀረች ሴት ነበረች። እሱ እስላም፣ እሷ ክርስቲያን። አንዲት ልጃቸው በአባቷ ሃይማኖት አደገች፣ በእናቷ ቋንቋ ተቆጣች። አባትየው ቶሎ ሞተ። ፖሊስ የነበረ አንድ ጓደኛው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ «ሴት የምትፈትሽ ሴት ጠፍታብናለች፤ ልጅቷ ለምን አትገባም?» አለ። በዚያው ገባች፤ በዚያው ቀረች።

ሥራዋ ተይዘው የሚመጡ ሴቶችን መቀበልና መፈተሽ ነበር። ውሎ አድሮ ማስተርጎሙም በላይዋ ላይ ተጨመረ። አማርኛዋ ከእናቷ ማድቤት የተማረችው ነው፤ ስለ ሽንኩርትና ስለ ሙቀት ስታወራ የሚስተካከላት አልነበረም፣ ስለ ሕግ ስታወራ ግን በየመሀሉ ዓረብኛ ይገባባታል። ጣቢያ ውስጥ «ሐበሺያዋ» ይሏታል። ዴም ውስጥ ደግሞ «ሸርጣ»፣ ፖሊሷ። ሐበሾቹ ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ ወሬ እንደ ክር ይቆረጣል፤ ካለፈች በኋላ ይቀጠላል። አንድ ጊዜ በክሪ የሚባል ባለ ረክሻ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ሊያገባት ጠይቆ ነበር። እናቱ፣ «ሐበሺያም ሸርጣም? አንዱን ብትሆን ይሻል ነበር» አሉ ተብሎ ነገሩ ቀረ። ከውሰር ይህን ለሰው ስትናገር ትስቃለች። የምትናገረው ግን ለጥቂት ሰው ነው።

እናቷ የሞተች ጊዜ ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበር አመጣ፣ ሴቶቹ እየተፈራረቁ አበሰሉ። ከውሰር ከሥራ እንደወጣች በደንብ ልብሷ ነበር የደረሰችው። ስትገባ ድንኳኑ ውስጥ ልቅሶው ራሱ ለአፍታ ቆመ። ሣልስቱ ሲያልፍ የዕድሩን ሰብሳቢ እትዬ በቀለችን ለብቻቸው አግኝታ የእናቷን ቦታ ጠየቀች።

«ልጄ፣ አንቺን ጠልተን አይደለም» አሏት። «ዕድር ላይ ሰው ሆዱን ይከፍታል። የማን ኢቃማ አለቀ፣ ማን ያለ መኖሪያ ወረቀት ቀረ፣ ማን ከእመቤቷ ቤት ጠፍታ ማን ጋ አደረች፣ ይኸ ሁሉ ይወራል። ያንን ልብስ ይዘሽ ብትቀመጪ፣ አንቺ ባትናገሪ እንኳ እኛ አንናገርም።»

«እኔ ለማንም አልናገርም፣ እትዬ።»

«እናውቃለን። ግን ተጠይቀሽ ብትዋሺ እንጀራሽ ይሄዳል፣ ባትዋሺ እኛ እንሄዳለን። ያወለቅሽ ዕለት ነይ። የእናትሽ ቦታ የትም አይሄድም።»

ከውሰር ይህንን ቃል ደጋግማ አገላብጣው ነበር፤ ስሕተት አላገኘችበትም። በደል ቢሆን ኖሮ ተቆጥታ ትረሳው ነበር። ትክክል በመሆኑ ግን የምትቆጣው አጣች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዴም ባዶዋን ቀረች። ከውሰር ገዳሪፍ ከረመች፣ መንገዱ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመለሰች። ቤቷን በርና መስኮት የሌለው ሆኖ አገኘችው። አፋፍ የምትባለው ጎረቤቷ ወደ ግብፅ እንደወጣች ቀርታለች። ድሮ የአፋፍ ቴሌቪዥን በግድግዳው አልፎ እየጮኸ እንቅልፍ ይነሳት ነበር፤ ግድግዳውን በጫማ እየደበደበች፣ «ኧረ ባክሽ!» ትላት ነበር። አሁን ማታ ማታ ግድግዳው ዝም ሲላት ጫማውን የምታነሣበት ምክንያት ናፈቃት።

እትዬ በቀለችም ተመልሰው ነበር። ከውሰር ቤት ጀርባ፣ በአንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ተለይቶ ያለው ግቢያቸው እንደ ድሮው የዕድሩ መቀመጫ ሆነ። ሰዉ ጥቂት ነው። ድንኳኑም ወንበሩም ሳህኑም ተዘርፏል፤ ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ አንድ አንድ ዕቃ ይዞ ይግባ ተባለ። ከውሰር ከወንዙ ማዶ ባሕሪ የሚባለው ሠፈር ድረስ ሄዳ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንዲት ትልቅ ሐላ ገዛች፤ ድስቱን እዚያ ሐላ ይሉታል። ጎኗ ትንሽ የተጨረመተ ነው። በአመድና በአሸዋ ፈትጋ አበራቻትና በሩ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታያት እሷን ነበር። ዕድሩ ላይ ምን እንደምትናገርም አስባ ጨርሳለች፦ በመጀመሪያው ዓርብ ምንም አትናገርም፣ ታዳምጣለች።

ቀኑ በቀረበበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ የጣቢያው አዛዥ ሙሀነድ ጠራት። ልጅ ብትወልድ ልጇ የሚሆን ወጣት መኮንን ነው።

«ኻልቲ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ» አላት። አክስቴ ማለቱ ነው፤ ሰው በሌለበት እንዲህ ነው የሚጠራት። «ዕድሜያቸው የሞላ ሰዎች ከፈለጉ ይቆዩ የሚል ትእዛዝ መጥቷል። ጦርነቱ ሰው አሳጥቶናል። ለጊዜው አንድ ዓመት፣ ከዚያ ይታደሳል ኢንሻላህ።»

«ካልፈለጉስ፣ ጀናቦ?» መኮንን ሁሉ ጀናቦ ነው።

«ካልፈለጉማ ይሂዱ። ግን አንቺ ሄደሽ ምን ልትሠሪ? ባል የለ፣ ልጅ የለ። የቤትሽን ግድግዳ ልትፈትሺ ነው?»

አዛዥ ሲቀልድ ይሳቃልና ሳቀች። «የምሄድበት አለኝ» አለች።

«የት?»

ዕድርን በዓረብኛ እንዴት ብላ ትንገረው? ቀባሪዎች ብትል ይደነግጣል፣ ማኅበር ብትል የፖለቲካ ይመስለዋል። «ዘመዶች ጋ» አለችው።

«እኔ ዘመድ እንዳለሽ አላውቅም ነበር።»

«አሉኝ።»

«እስከ ሐሙስ አስቢበት። ያላ፣ በይ ወደ ሥራሽ።»

የምታስበው አልነበራትም። ጣቢያው ያለ እሷ እንደሚቸገር ታውቃለች፤ ከእሷ ሌላ ሴት ፖሊስ የለውም። ቢሆንም ለሌላ ሰው ችግር የሰጠችው ዕድሜ በቂ መሰላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ አንድ ነገር ስለፈለገች ትንሽ አፈረች፤ ኀፍረቱ ግን የሚያስደስት ዓይነት ነበር፣ ልጃገረድ በአዲስ ቀሚስ ደጅ ስትወጣ እንደሚሰማት።

ረቡዕ ጠዋት ከሻ ነበር። ከሻ ወረቀት ያልያዘ የውጭ አገር ሰው ከየመንገዱ የሚለቀምበት ቀን ነው፤ ሐበሻ ሆኖ ቃሉን የማያውቅ ካርቱም ውስጥ የለም። ሴቶቹን በፒክአፕ አምጥተው ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ከውሰር አንድ በአንድ ወደ መፈተሻ ክፍሏ እያስገባች በሩን ትዘጋ ነበር። ከመካከላቸው ራሔል የምትባል ልጅ ነበረች፤ አል-ማንሺያ በሚባለው ሠፈር አንድ ሀብታም ቤት በሠራተኝነት የምትኖር፣ የእነ እትዬ በቀለችን ዕድር በቅርቡ የገባች። ኢቃማዋን እመቤቷ ቤት ረስታ ወጥታ ነው የተያዘችው።

ከውሰር ከመንካቷ በፊት ሁለት መዳፎቿን አጥብቃ አፋተገች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ራሔል፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«እጄን ማሞቄ ነው። በቀዝቃዛ እጅ ሰው አይነካም፤ እናቴ ናት ያለችኝ። ጀርባሽን አዙሪ። እጅሽን ዘርጊ። ይኸው፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ልጅቷ አለቀ መባሏን ያላመነች ይመስል እጇን እንደዘረጋች ቆየች። «ባለፈው ሌላ ቦታ ሲይዙን ሴት ፖሊስ አልነበረም» አለች ቀስ ብላ። «ከሌላ ጣቢያ እስክትመጣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋልን። ሽንት ቤት እንኳ ማን ይውሰዳችሁ አሉን።»

ከውሰር በሩን ልትከፍትላት ስትል ሙሀነድ በመስኮቱ በኩል ከውጭ ተጣራ። «ኻልቲ! ነገ ጥለሽኝ ከሄድሽ እነዚህን ሴቶች ማን ይቀበልልኛል? ቆዪልኝ እንጂ፤ አንድ ቃል ነው የሚበቃኝ።»

«ነገ እነግርሃለሁ፣ ጀናቦ።»

ራሔል የቤት ሠራተኛ ናት፣ ዓረብኛው አይጠፋትም። «ሊወጡ ነው እንዴ?»

«ቆዪ ብለውኝ ነበር። አልቆይም። ነገ ልብሱን አወልቃለሁ።» ከውሰር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ለማንም ያልነገረችው ደስታ ነበርና እንዴት እንደሚነገር አላወቀችም። «ዓርብ ዕድር ላይ እንገናኛለን፣ ኢንሻላህ። በእናቴ ቦታ።»

«ጥሩ ነው» አለች ራሔል። ግን የከውሰርን እጆች እያየች ነበር ያለችው፣ ፊቷም አልፈካም። ጥቂት ቆይቶ እመቤቷ ኢቃማውን ይዛ መጥታ አስፈታቻት።

በዚያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የከውሰር በር ተንኳኳ። አዲሱ በር ከቆርቆሮ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ሲነኩት ብዙ ይጮኻል። ስትከፍት እትዬ በቀለች ቆመዋል፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው። ከእናቷ ለቅሶ ወዲህ ያንን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

የዕድሩ ወግ ነው፦ አዲስ ገቢን በዋዜማው አንዲት ትልቅ ሴት ቤቷ ድረስ ሄዳ ትጠራታለች። ዋዜማው ነገ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብለው መጡልኝ ብላ ከውሰር ልቧ በደስታ ሞላ። «ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ፤ አህለን» እያለች አማርኛውንም ዓረብኛውንም አደባለቀችው። እንዲቀመጡ እንኳ ሳትጠብቅ ሐላዋን በሁለት እጇ አንሥታ አመጣች።

«ይቺት የእኔ። ጎኗ ትንሽ ተጨርምቷል፣ ግን ሙሉ ፍየል ትችላለች። እኔም እንደሷ ነኝ፤ ሲያዩን ነው እንጂ ደኅና ነን።»

እትዬ በቀለች እጃቸውን አልዘረጉም። «አስቀምጫትና ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ።

ከውሰር አስቀምጣት ቁጭ አለች።

«ራሔል የሆነውን ነግራናለች። ያ ጀናቦሽ ያለውንም ነግራናለች። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበን ነበር።»

«አይዞዎት። እንቢ እለዋለሁ።»

«እንቢ እንዳትይው ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

ከውሰር እጇን ከሐላዋ ላይ አነሣች።

«ልጆቹ በየጊዜው ይለቀማሉ» አሉ እትዬ በቀለች። «መለቀማቸውን አንቺም አታስቀሪውም፣ እኛም አናስቀረውም። ግን እዚያ አንቺ መኖርሽን ስናውቅ ማታ እንተኛለን። ማን ትቀበላቸዋለች፣ ማን ትነካቸዋለች ብለን አንጨነቅም። ይኸን ዛሬ ነው የተረዳነው። ድሮ ማወቅ ነበረብን።»

«ስለዚህ ከነልብሱ ልቆይ።»

«አዎ።»

«ዕድሩስ?»

እትዬ በቀለች ያልተጣመመውን ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ብትሞቺ እኛ አለን። ሁሉም ሴቶች ቃል ገብተዋል። ግንዘቱን እስላሞቹ እንደ ሥርዓታቸው ይፈጽሙታል፤ ድንኳኑ ግን የእኛ ነው፣ ለቀስተኛውም የእኛ ነው። ቤትሽ ባዶ አይሆንም።»

«ከመሞቴ በፊትስ፣ እትዬ?»

እትዬ በቀለች ዕድሩን ያን ያህል ዘመን የመሩት በአፋቸው ነው። አሁን ግን ጎንበስ ብለው የሐላዋን የተጨረመተ ጎን በጣታቸው ዳበሱ።

«እኔ የጠየቅኋችሁ መቀበሪያ አይደለም» አለች ከውሰር። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሰው መሬት ላይ አይቀርም፤ አላህ ይቀብረዋል። እኔ የጠየቅኋችሁ ዓርብ ዓርብ የምቀመጥበት ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ካወቁ ለምን እርስዎን ላኩ? ሌላ ሰው ቢልኩ በሩን እዘጋበት ነበር።»

«ለዚያ ነዋ እኔን የላኩኝ» አሉ አሮጊቷ። ሁለቱም ሳቅ ሊያመልጣቸው ትንሽ ቀረ። ከውሰር ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ እትዬ በቀለች ያላዩ መሰሉ።

ሊሄዱ ሲነሡ፣ «አንድ ነገር ደግሞ አለ» አሉ እየከበዳቸው። «ልጆቹ መንገድ ላይ ሰላም ባይሉሽ እንዳትቀየሚ። የምታውቂያቸው መሆኑን እነዚያ የጣቢያው ሰዎች እንዳያውቁ ነው። ካወቁ ታዳላለች ብለው ያነሡሻል።»

«አልቀየምም።»

«ማርያም ትጠብቅሽ።»

«ሐላዋን ይውሰዷት።»

«እንዴት ተደርጎ! የአንቺ አይደለችም እንዴ?»

«እኔ ባልገባ እሷ ትግባ። እዚህ ለአንድ ሰው ምን ትሠራለች? አንድ ጊዜ ባበስልባት ስንት ቀን ልበላ ነው?»

እትዬ በቀለች ሐላዋን ነጠላቸው ሥር አቅፈው በሩ ጋ ቆሙ። ከሸርጣ ቤት ዕቃ ይዘው ሲወጡ መታየቱን ፈርተዋል፤ ለመናገር ግን አፍረዋል። ከውሰር ገባት። ቀድማቸው ወጥታ፣ ሥራዋ እንዳስለመዳት መንገዱን ወዲያና ወዲህ ቃኘች። ማንም የለም። በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠቻቸው። አሮጊቷ እንደ ነፍሰ ጡር ሆዳቸውን ደግፈው ጥጉን ታጠፉ።

ሐሙስ ጠዋት ሙሀነድ ቢሮ ገብታ፣ «እቆያለሁ» አለችው።

«ዘመዶችሽስ?»

«እነሱ ናቸው ቆዪ ያሉኝ።»

«አባረሩሽ በይኛ» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ በእውነት ደስ ብሎት ወንበሩን ትቶ ተነሥቶ ጨበጣት። «የምትፈልጊውን ጠይቂኝ፣ ኻልቲ። ዛሬ እንቢ አልልሽም።»

«ዓርብ ዓርብ ተረኛ አድርገኝ።»

«ዓርብ?» ቅንድቡን ሰቀለ። «ሰው ሁሉ ከዓርብ አድነኝ እያለ ይለምነኛል።»

«ዓርብ ቤት ደስ አይለኝም።»

ይህ እውነት ነበር። ዕድሩ የሚቀመጥበት ግቢ ከቤቷ ጀርባ ነው፤ ሴቶቹ ሲያወሩ ቃሉ ባይለይም ድምፁ በግንቡ ላይ አልፎ ይመጣል። እስከ ዛሬ ድምፁን የምትሰማው አንድ ቀን እገባበታለሁ እያለች ነበር። ከእንግዲህ እንዴት እንደምትሰማው አላወቀችም።

ዓርብ ጣቢያው ጭር አለ። የተያዘች ሴት አልነበረችም። ከጁምዓ ሶላት የተመለሱት ሰዎች ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ መንገዱ ላይ የቀረው ፀሐይ ብቻ ነው። ከውሰር ከበሩ ጥበቃ ከፈድለላ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፈድለላም እንደሷ ዕድሜው ሞልቶ ቆይ የተባለ ነው፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም አንድ በአንድ ይነግራታል፣ እሷም ትሰማዋለች።

ከቀትር በኋላ ሴቶች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ነጠላቸውን አጣፍተው በማዶው ጥግ ማለፍ ጀመሩ። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ራሔል መጣች። የሆነ ነገር ተነጋግረው እየሳቁ ነበር። ራሔል ከውሰርን ስታይ የተባለችውን ረሳችና እጇ ከነጠላዋ ሥር ብቅ አለ።

ከውሰር ቀድማ ፊቷን አዞረች። ጫማዋ የተፈታ ይመስል ጎንበስ አለች። ሳቁ ተቋረጠ።

«ያቺ ልጅ ታውቅሻለች?» አለ ፈድለላ።

«የለም» አለች ከውሰር ሳትነሣ። «ሐበሻ ሁሉ ይመሳሰላል።»

«ወላሂ እውነትሽን ነው» አለና ወደ ጉልበቱ ተመለሰ።

እሷ ያልተፈታውን ጫማዋን ፈታችና እንደገና አሰረችው። ልጆቹ ጥጉን ከታጠፉ በኋላ ሳቃቸው ካቆመበት ሲቀጥል ሰማች።